ገዳዩን ውሉ ላይ ፈልጉት፦ በሐዋሳ የሙዚቃ ሥራ ዙሪያ የወንጀል ድራማ አንድ ክፍል እንዴት ይጻፋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በጻፍኩት ክፍል ውስጥ አንዲት ድምፃዊት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በተሠራ መድረክ ላይ ማይክሮፎን እንደጨበጠች በኤሌክትሪክ ተመትታ ትሞታለች። ዝናብ ይዘንባል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ መብራቱ ይጠፋል። ጽሑፉን ያነበበው የድምፅ ባለሙያ የመጨረሻውን ገጽ ገልብጦ «ገዳዩ መቼ ነው ዕቃውን የነካው?» አለኝ። አላሰብኩበትም ነበር። «የመሬት መስመሩ ያልተያዘ አምፕሊፋየር ከሌለ ማይክሮፎን ብቻውን ሰው አይገድልም። ዕቃውን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ስፈትሽ የዋልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ገዳዩ እኔ ነኝ ማለት ነው» ብሎ ሣቀብኝ።

እንዲህ ያለ አደጋ በእውነት ደርሷል። ጊታር ተጫዋቹ ሌስሊ ሃርቪ በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር አጠገብ ባለችው ዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው የመሬት መስመር ባልነበረው ማይክሮፎን ነው። እርሱ ግን አደጋ ነበር፤ ድራማ የሚሻው ደግሞ ሰው ያሰበበትን ነገር ነው። የእኔ ጽሑፍ ሕመም ይኸው ነበር፦ ሙዚቃውን ለጌጥ አምጥቼ ግድያውን ከሌላ ቦታ አምጥቼዋለሁ። ሟቿ ዘፋኝ ሳትሆን የባንክ ሠራተኛ ብትሆን ከታሪኩ አንድም ነገር አይጎድልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግድያውን ከመጻፌ በፊት የሟችን የሥራ ውል እጽፋለሁ። አዎ፣ ቁጭ ብዬ፣ በአንቀጽ በአንቀጽ። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ ሐዋሳ ላይ የሚሆን አንድ ምናባዊ ታሪክ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን።

1. የዘፈኑን መንገድ አስምሩ

ወረቀት አውጡና ዘፈኑ ከሰው ራስ ወጥቶ ባጃጅ ውስጥ እስኪሰማ ድረስ የሚያልፍባቸውን ሰዎች ደርድሩ፦ ግጥም ደራሲ፣ ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ድምፃዊ፣ ሚክስ የሚያደርገው ባለሙያ፣ አሳታሚ፣ ክሊፕ ሠሪ፣ የመድረክ አዘጋጅ። በየሁለቱ ሰዎች መካከል ሁለት ነገር ጻፉ፤ ስንት ብር ተላለፈ፣ የማን ስም ተጻፈ። ብሩ በአንድ በኩል ስሙ በሌላ በኩል የሄደበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ቁሙ፤ ወንጀሉ እዚያ ነው።

ዘመኑንም አስቀድማችሁ ወስኑ። አምሃ እሸቴ በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሸክላው የሚታተመው ውጭ አገር ነበርና ሰርቆ ማባዛት ለተራ ሰው የማይሞከር ነገር ነበር። ካሴት ሲመጣ ሁለት ማጫወቻ ያለው ቴፕ የገዛ ሁሉ ማተሚያ ቤት ሆነ። ዛሬ ደግሞ ሌባው ማባዛትም አያስፈልገውም፤ ዘፈኑን ቀድሞ ዩቲዩብ ላይ የጫነ ሰው በሕዝብ ዘንድ ባለቤት ይመስላል። ታሪካችሁ በ1980ዎቹ የሚካሄድ ከሆነ ሌባው ማታ ማታ ካሴት የሚያባዛ ባለ ሱቅ ነው፤ በ2017 የሚካሄድ ከሆነ ግን ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፊርማ የሚያሰባስብ ሰው ነው። የእኛ ታሪክ በ2017 ነው።

ገጣሚያችን በ2008 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ስትሰፋ የምትውል ወጣት ናት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ግጥሞቿን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ለአንድ አሳታሚ ትልካለች፤ እርሱም ትንሽ ቀብድ በእጇ እየሰጠ «አልበሙ ሲወጣ እንነጋገራለን» ይላታል። በእጇ ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በ2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ በስልክ የተላከ ብር ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል። አሳታሚው በጥሬ ገንዘብ ብቻ መክፈሉን ተመልካች በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ይይ፤ ማንም ግን ስለ ጉዳዩ አይናገር።

2. የመግደያ ምክንያቱን በሕጉ ፈትኑት

ብዙ ጽሑፍ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ «አሳታሚው ዘፈኑን የራሱ ለማድረግ ገጣሚዋን ገደላት» ይላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ያፈርሰዋል፤ የደራሲው መብት ደራሲው ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት በወራሾቹ እጅ ይቆያል። ገጣሚዋ ብትሞት ዘፈኑ ገጠር ላለች እናቷ ይተላለፋል እንጂ ለአሳታሚው አይሆንም። ገድሎ ያተረፈው ነገር የለም።

ታዲያ ለምን ገደላት? በእጁ ውል ስላለ። መብቱን በሙሉ አስተላልፌያለሁ የሚል፣ ፊርማዋ ያለበት፣ እርሷ ግን አይታው የማታውቀው ውል። ዘፈኑ በከተማው ሁሉ ሲሰማ ልጅቷ መጣችና «የፈረምኩትን አሳየኝ» አለችው። የሞተችው ዘፈኑን ስለጻፈች ሳይሆን ወረቀቱን እንዳታይ ነው። አሁን ምክንያቱ ከሙያው የወጣ ሆነ፤ የባንክ ሠራተኛ ብትሆን ታሪኩ ይፈርሳል።

ሕጉ ሌላም ስጦታ አለው። የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው ገቢ የማግኘቱ መብት፣ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 መሠረት ደግሞ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች ካልተረጋገጠ አይጸናም። ስለዚህ ገዳዩ ብቻውን መዋሸት አይችልም፤ አብረውት የሚዋሹ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉታል። ሁለት ምስክር ማለት ሁለት የምርመራ ትዕይንት ነው፣ ሁለት ፍርሃት ነው፣ ምናልባትም ሁለተኛ ሟች። አንዱን የስቱዲዮው አቀናባሪ አድርጉት፤ የቤት ኪራይ ያለበት፣ ደግ፣ የልጅቷን ግጥም ከልቡ የሚወድ። ሁለተኛው የአሳታሚው ሾፌር ይሁን። ሾፌሩን አታወሳስቡት፤ ታዞ የፈረመ ሰው ነው።

3. የፖሊሱን ሰዓት አስቀምጡ

ከውጭ ድራማ የለመድነው መርማሪ ሌሊት በር ሰብሮ ይገባል። በእኛ አገር ከ1954 ጀምሮ በሥራ ላይ የቆየው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ይላል። ይህን እንደ እንቅፋት የሚያይ ጸሐፊ አለ፤ እኔ እንደ ወርቅ አየዋለሁ። የታሪካችን መርማሪ የብርበራ ትዕዛዙን ይዛ ከሐዋሳው ፒያሳ ስትነሣ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዶ እያዘቀዘቀች ነው። ባጃጅ መንገድ ዘግቷል። ስቱዲዮው ውስጥ አሳታሚው ሃርድ ዲስኩን እየነቀለ ነው። መኪና ማሳደድ የለ፣ ተኩስ የለ፤ ግን የግድግዳው ሰዓት 11፡50 ይላል።

ሌላው ሰዓት 48 ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ዐቃቤ ሕግና ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ቢጠይቁ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ይሰጣሉ። የአንድ ክፍል ታሪክ ከመያዝ እስከ መጀመሪያው ችሎት ቢያልቅ ጥሩ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት የአስከሬን ምርመራ ውጤት ዝርዝሩን ይዞ ዱብ አይበል። መርማሪዋ ያለ እርሱ ትሥራ፤ እንዲያውም ይሻላል፣ ወደ ሰውና ወደ ወረቀት ትሄዳለች።

ማዕረጎቹን አታምታቱ። ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር ቅደም ተከተል ያላቸው ናቸው። ኮማንደር ራሱ ሄዶ ሻይ ቤት ምስክር የሚያነጋግርበት ድራማ አይቻለሁ።

4. ሐዋሳን ሥራ ስጧት

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ የቀረጻ ቡድን ሐይቁን ከላይ ያነሣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያነሣል፣ ይሄዳል። ከተማዋ የፖስታ ካርድ ሆና ትቀራለች። ለእያንዳንዱ ቦታ «እዚህ ብቻ ሊሆን የሚችለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሐይቁን ዳር የአሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን እንውሰድ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ ይራገፋል፤ አሣ የሚያጸዱ ልጆች ቢላቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። በእኛ ታሪክ ገጣሚዋን ያገኟት አሣ አጥማጆች ናቸው። አስከሬኗን ግን አታሳዩ። አባ ኮዳዎቹን አሳዩ፤ ሁልጊዜ ከሰው እግር ሥር የማይጠፉት ወፎች ያን ጠዋት ራቅ ብለው ወደ አንድ ጀልባ ዞረው ቆመዋል። አሣ የሚያጸዳው ልጅ ቢላውን አስቀምጦ ይነሣል። ይበቃል።

ሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚፈስ የለም፤ የወደቀበት ነገር እዚያው ይቀራል። አሳታሚው የልጅቷን ስልክ ከጀልባ ላይ ሲጥል ይህን አላሰበበትም፤ ጀልባ ቀዛፊው ግን ያውቀዋል። ቀዛፊው ለመርማሪዋ የሚነግራት በሲዳምኛ ይሁን፣ ከታች በአማርኛ ይጻፍ። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ ሰዉ ሁሉ ከአማርኛ በስተቀር ሌላ የማይናገርባት ሐዋሳ የስቱዲዮ ሐዋሳ ናት። መርማሪዋ ሁለቱንም መናገር መቻሏ ለታሪኩም ይጠቅማል፤ አሳታሚው ከሾፌሩ ጋር በሲዳምኛ ሲንሾካሾክ አትሰማም ብሎ ይሳሳታል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩኔስኮ የመዘገበውን የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላን ለማሳደጃ ትዕይንት አታውሉት። ቀኑ በአያንቶዎች የከዋክብት ምልከታ የሚወሰን፣ ጉዱማሌ ላይ ሕዝብ የሚሰበሰብበት በዓል ነው። ገዳይ በሕዝቡ መካከል የሚሮጥበት ቀረጻ ካሜራ ላይ እንደሚያምር አውቃለሁ። ይቅርባችሁ።

5. ሦስት ፍንጭ፦ ለዓይን፣ ለጆሮ፣ ለቅኔ

ይህ የሥራው ልብ ነውና ረዘም አድርጌ ልናገር። ጥሩ ፍንጭ ተመልካች ፊት ተቀምጦ የሚታለፍ ነው። ከኋላ ኪስ የሚወጣ ፍንጭ ተመልካችን ያስቀይማል። ደግሞ ፍንጩ እኛ ዘንድ ብቻ ሊኖር የሚችል ቢሆን እመርጣለሁ፤ የጣት አሻራና የሲጋራ ቁራጭ ዓለም ሁሉ ጽፎባቸዋል።

የዓይኑ ፍንጭ ውሉ ላይ ያለው ቀን ነው፦ «ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም.»። ምን ችግር አለው? ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜን 6 ነበራት። 2016 ግን ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን በ5 ታልቃለች። አሳታሚው ለሌላ ገጣሚ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ያዘጋጀውን ውል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀየረ። በዓለም ላይ ያልነበረ ቀን ፈረመ።

ይህን አንዴ ሙሉውን ብታሳዩት ቤት ውስጥ ያሉ አያቶች ሁሉ ገና በአሥረኛው ደቂቃ ይነቁበታል። ስለዚህ ከፍላችሁ አሳዩት። በመጀመሪያው ትዕይንት ውሉ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ተቀምጧል፣ የሚነበበው «ጳጉሜን 6 ቀን» ብቻ ነው። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ አቀናባሪው «አምና ነው የተፈራረምነው፣ በ2016 መጨረሻ» ይላል። ሁለቱን ግማሾች የሚገጥመው ተመልካቹ ራሱ ይሁን። መርማሪዋ የምትነቃው ከዚያ በኋላ፣ የልጅቷ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ስታይ ነው። ጓደኞቿ ደሞዝ የሚከፈልበትን ቀን በእስክሪብቶ እየከበቡበት ነበርና አልጣሉትም።

ቀኑ ብቻውን ግን ሰው አያስፈርድም። ጠበቃ ተነሥቶ «የጽሕፈት ስሕተት ነው» ቢል ያስኬደዋል። የቀኑ ጥቅም ምስክሮቹን ለመለየት ነው፤ ያልነበረ ቀን ላይ አብረው የነበሩ ሁለት ሰዎች ስለዚያ ቀን የሚናገሩት አይገጥምም።

የጆሮው ፍንጭ መብራት ነው። አሳታሚው ልጅቷ በሞተችበት ምሽት ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ሲቀርጽ እንደነበር ይናገራል። ማስረጃው የኮምፒውተሩ ፋይል ነው፤ 21፡40 ይላል። እዚህ ጋ ፖሊሱ ቁጥሩን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሲተረጉም፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ መሆኑን ጮክ ብሎ ሲያሰላ አሳዩት፤ ተመልካችም አብሮ ያሰላል። የፋይል ሰዓት ደግሞ ኮምፒውተሩ ያመነው ሰዓት ነው እንጂ እውነተኛው ሰዓት ላይሆን ይችላል፤ ሰዓቱን መቀየር ለማንም ቀላል ነው። ታዲያ ውሸቱን ምን ያጋልጠዋል? ያን ምሽት በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስቱዲዮው ጄኔሬተር አለው፤ ጄኔሬተሩ ከመስኮቱ ሥር ነው። አቀናባሪው በመጀመሪያው ትዕይንት «ይኼ ነገር ሲነሣ ክራር መቅዳት አንችልም፣ ከሥር ያጉረመርማል» ብሎ ያማርር። ማስረጃ የተባለው ቅጂ ግን ጸጥ ያለ ነው። መርማሪዋ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ ሦስት ጊዜ ትሰማዋለች፤ የምትሰማው የጎደለውን ነው።

ይህን ትዕይንት ስትጽፉ ድምፅ እንደሚሠራው ሰው አስቡ። የጄኔሬተሩን ጩኸት አንዴ በግልጽ፣ ረዘም አድርጋችሁ አሰሙ። ሲጠፋ እንዲታወቅ መጀመሪያ ጆሮ ሊለምደው ይገባል።

ሦስተኛው ፍንጭ ሰምና ወርቅ ነው። በሙዚቃ ዙሪያ አማርኛ ድራማ ጽፎ ይህን መተው ጤፍ ይዞ ስንዴ እንደ መለመን ነው። ገጣሚዋ ከመሞቷ በፊት የጻፈችው ስንኝ በየባጃጁ እየተዘፈነ ነው፦

ከጓዳዬ ገብቶ ከእንስራዬ ቀዳ፣
ግጥም አድርጎ ሄደ ለእኔ ጥሎ ዕዳ።

ሰሙ የፍቅር ወቀሳ ነው። ሰውየው ቤት ገባ፣ ከእንስራው ጠላ ቀዳ፣ በአንድ ትንፋሽ ግጥም አድርጎ ጠጣና ዕዳውን ጥሎ ሄደ። ሰው በዚህ እየጨፈረ ነው። ወርቁ ግን ሁለት ኅብረ ቃል ውስጥ ተቀምጧል። «ቀዳ» መጠጥ መቅዳት ብቻ አይደለም፣ ካሴት መቅዳትም ነው። «ግጥም» ደግሞ ግጥም ነው። ጓዳዬ ገብቶ ቀዳኝ፣ የእኔን የራሱ ግጥም አድርጎ ሄደ። ሟቿ ክሷን በከተማው ሁሉ ፊት እያዘፈነች ነው፣ ያውም ራሱ አሳታሚው ባሳተመው ዘፈን።

መርማሪዋ ወርቁን እንዴት ታገኘዋለች? የቅኔ መምህር አምጥታችሁ አታስፈቱ፤ ትምህርት ቤት ይሆናል። ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አሮጌ ሱቅ በር ላይ ቀለሙ የለቀቀ «ካሴት እንቀዳለን» የሚል ጽሑፍ አኑሩ። በክፍሉ ውስጥ መርማሪዋ ሦስት ጊዜ በዚያ ታልፋለች። ሁለቱን ጊዜ ካሜራው አይቆምበትም። በሦስተኛው ጊዜ ከሚያልፍ ባጃጅ ውስጥ ያ ስንኝ ይሰማል፤ እርሷ ጽሑፉን ታነባለች፤ እርምጃዋን ትገታለች። አንድ ቃል አትናገር። የገባው ይገባዋል፣ ያልገባው በማግስቱ ሥራ ቦታ ይጠይቃል።

ሦስቱንም ፍንጭ በአንድ ክፍል መጠቀም ይከብዳል ብትሉ እስማማለሁ። አንዱን መጣል ካለባችሁ የጄኔሬተሩን ጣሉ። እኔ ግን ሳልወድ ነው የምጥለው።

6. ንግግሩን በአንተና በእርስዎ ላይ ጫኑት

አማርኛ ጸሐፊው እጅ ላይ ያኖረው መሣሪያ ነው ይህ። አሳታሚው የከተማው ትልቅ ሰው ነው፤ መርማሪዋን «አንቺ» ይላታል። እርሷ «እርስዎ» ትለዋለች። አቀናባሪው አሳታሚውን «ጋሼ» ይለዋል፤ ጋሼ ማለት ያቆመበት ቅጽበት ምስክርነቱን ሊለውጥ መሆኑን ተመልካች ሳይነገረው ያውቃል። የመጨረሻው ምርመራ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

አሳታሚው፦ አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጪ። ከአለቃሽ ጋር ተነጋግረናል።
መርማሪዋ፦ ነግረውኛል። ውሉ የተፈረመው መቼ ነበር?
አሳታሚው፦ ተጽፎልሽ የለ እንዴ?
መርማሪዋ፦ ጳጉሜን 6 ይላል።
አሳታሚው፦ እንግዲያው ጳጉሜን 6 ነው።
መርማሪዋ፦ የት ነበራችሁ?
አሳታሚው፦ እዚሁ ቢሮዬ። ሦስታችንም። ልጅቷም።
መርማሪዋ፦ ከጳጉሜን 5 ማግስት።
አሳታሚው፦ አዎ፣ ከጳጉሜን 5 ማግስት።
መርማሪዋ፦ ልጆች በር ላይ መጥተው «አበባየሆሽ» አላሉም?

ዝምታ። አሳታሚው የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ያያል።

አሳታሚው፦ ጠበቃዬ እስኪመጣ… እርስዎ ይታገሡኝ።

«እርስዎ» ያለባት ቦታ ላይ ክፍሉ አልቋል፤ ካቴና ማሳየት አያስፈልግም።

ይህን ንግግር መጀመሪያ ስጽፈው መርማሪዋ «ያን ቀን ዶሮ አልበላችሁም?» ነበር የምትለው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መስመሩን ሰረዘችው። መስከረም 1 ቀን 2017 ረቡዕ ነው የዋለው፤ የጾም ቀን ነው። ያልነበረ ቀን የጻፈ ሰው ላይ እየፈረድኩ እኔው ልያዝ ነበር። ለእያንዳንዱ ቀን ዕለቱን አረጋግጡ።

7. ትዕይንቶቹን ደርድሩ

አንድ ምርጫ አለባችሁ፦ ገዳዩን መደበቅ ወይም ከመጀመሪያው ማሳየት። ኮሎምቦ የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ሁለተኛውን መንገድ ነበር የሚከተለው፤ በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተላለፈ አንድ ክፍሉ ውስጥ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ ራሱ ገዳይ መዝሙረኛ ሆኖ ተጫውቷል። ተመልካቹ ማን እንደገደለ ያውቃል፤ የሚጠብቀው እንዴት እንደሚያዝ ነው። ለእኛ ታሪክ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ። አሳታሚው ገና ሲታይ ንጹሕ አይመስልም፤ ለመደበቅ የምናባክነውን ጊዜ ለውሉና ለስንኙ እናውለዋለን።

ለ45 ደቂቃ ክፍል ሂደቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ከሥራ ወጥታ ስንኙን ለጓደኞቿ እያንጎራጎረች ትሄዳለች። ዘፈኑን በሌላ ሰው ስም ትሰማለች። ውሉን ትጠይቃለች። አሞራ ገደል። መርማሪዋ ጉዳዩን ስትረከብ ሁሉም ሰው ሰጥማ ነው ይላል፤ ጀልባ ቀዛፊው ግን አይልም። እናት ከገጠር ትመጣለች። እናትን አታስለቅሷት፤ የልጇን ዘፈን ከባጃጅ ትስማና «ይቺ የእኔ ልጅ አነጋገር ናት» ትበል። ከዚያ ውሉ፣ ምስክሮቹ፣ የ12 ሰዓቱ ብርበራ፣ ምርመራው። አቀናባሪው ቃሉን የሚለውጠው ችሎት በር ላይ ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡት። በዝምታ የሚነበብ ጽሑፍ ሁልጊዜ አጭር ይመስላል።

8. ከቀረጻ በፊት

የሐይቁን ትዕይንቶች ጠዋት ቅረጹ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጀልባውም ማይክሮፎኑም አይረጋም። የከተማውን አስተዳደር ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ሰው የሚቀረጽ ሲያይ ይሰበሰባልና ለፒያሳው ትዕይንት እሑድ ማለዳን ምረጡ። ስቱዲዮውን እውነተኛ ስቱዲዮ ተከራዩ፣ ጄኔሬተሩንም አብራችሁ።

የቀረው ዘፈኑ ነው። ለድራማው የሌላ ሰው ዘፈን ወስዳችሁ አትጠቀሙ፤ ስለ ዘፈን ስርቆት የሚናገር ክፍል በተሰረቀ ዘፈን ቢታጀብ የምትሉት ይጠፋችኋል። ግጥም ደራሲና ዜማ ደራሲ ቅጠሩ፣ አምባሰል ወይም ትዝታ ቅኝት ላይ አሠሩት፣ ቀብዱን በባንክ ላኩ። ውል ተፈራረሙ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ፣ አንዱን ቅጂ ለገጣሚው ስጡ። ቀኑን ስትሞሉ ደግሞ የአምናውን ውል ከኮምፒውተር አትገልብጡ።